ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የተገለጠ ደብተር

ደባርቅ የወገራ ሜዳ የሚያልቅባት፣ የስሜን ተራራ የሚጀምርባት፣ ከጎንደር በስተ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነፋስ በማይለየው ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ እሳት ወዳለበት ቤት ይገባል። እኔም ጎብኚ በሚያንስበት በግንቦት መጨረሻ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጥግ ፍሙ ከጋለ የከሰል ማንደጃ አጠገብ ተቀምጬ እጄን ሳሞቅ፣ እንግዶችን ወደ ተራራው እየመራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ከፊቴ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠና ከቦርሳው ውስጥ ዳር ዳሩ በዝናብና በላብ የጠቆረ፣ ወገቡ በላስቲክ የታሰረ ደብተር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ገለጠው። በግራው ዐምድ እንግሊዝኛ፣ በቀኙ ዐምድ አማርኛ ተጽፎበታል፤ ከእንግሊዝኛዎቹም ብዙዎቹ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «እነዚህ የተሰመረባቸው የእንግሊዝ አይደሉም አሉ። በጥር ወር ይዣት የወጣሁ አንዲት ፈረንሳዊት ደብተሬን አየችና እየሳቀች አንድ በአንድ አሰመረችባቸው። ‹ይህ ሁሉ ከእኛ የሄደ ነው› አለችኝ። እንግዲህ እኔ ይህን ያህል ዓመት የለፋሁት እንግሊዝኛ ለመማር ነው ወይስ ፈረንሳይኛ?»

ቅሬታው ሳቅ ቢያመጣብኝም፣ ሴትዮዋ ግን አልዋሸችም። የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ከቃላቱ እኩሌታ የሚበልጠው በቀጥታ ከላቲን ወይም በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ የዕለት ንግግር ዐጥንት የሆኑት ትንንሾቹ ቃላት፣ እናትና አባት፣ ውኃና እሳት፣ መብላትና መጠጣት፣ የጥንቶቹ ሳክሶኖች ሲሆኑ፣ ሥጋውና ልብሱ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ይህን በነገርኩት ጊዜ ፊቱ ጭራሽ ስለ ጠቆረ፣ «መጀመሪያ ግን፣» አልኩት፣ «ይህ እጅህ ላይ ያለው ደብተር የማን ነው?»

«የእኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል!» አለ ግራ ገብቶት።

የእርሱስ የእርሱ ነው፤ ቃሉ ግን ረጅም መንገድ የሄደ መንገደኛ ነው። ደብተር የምንለው ከዐረቦቹ ደፍተር የመጣ ሲሆን፣ ዐረቦቹ ከፋርሶች፣ ፋርሶቹም ዲፍቴራ ከሚለው የግሪክ ቃል ያገኙት ነው፤ ዲፍቴራም በግሪኮች ዘንድ የተፋቀ ቆዳ ማለት ነው። በግእዝ ድንኳንን ደብተራ፣ የሙሴንም ድንኳን ደብተራ ኦሪት ማለታችን ከዚሁ ከቆዳው እንደ ሆነ የግእዝ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሊቃውንት ይናገራሉ። ፒየር ብረቶኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1826 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን ጉሮሮ እንደ ቆዳ ባለ ሽፋን እየዘጋ የሚገድለውን በሽታ ሲጽፍ ስሙን ከዚህ ከግሪኩ ቃል ሠራለት፤ እንግሊዞችም ዲፍቴሪያ የሚለውን ከፈረንሳዮች ወሰዱ። የእኛዎቹ የጤና ሰዎች ደግሞ ይህን በሽታ በአማርኛ «ዘጊ አነዳ» ይሉታል፤ አነዳም ቆዳ ስለ ሆነ፣ የደባርቅ እናት ልጇን ታቅፋ የዘጊ አነዳን ክትባት ስታስከትብ ግሪኩ ያለውን ቃል በቃል ትላለች። ወጣቱ ደብተሩን ዘግቶ ልባሱን ደባበሰው፤ ወረቀት እንጂ ቆዳ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር።

ቆዳን ካነሣን አይቀር ብራና አለ። ይህ በጎንደር አድባራት ሁሉ እንደ ቤተ ዘመድ የሚቆጠር፣ ወንጌሉና ድጓው የተጻፈበት፣ ፍየሉ ተገፎ በመወጠሪያ ተወጥሮ ተፍቆ የሚዘጋጀው ብራና፣ ስሙ ሜምብራና ከሚለው የላቲን ቃል በግሪክ በኩል አድርጎ ወደ ግእዝ የገባ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን አምጣልኝ ሲል የጻፈው ይህንኑ ቃል ነው። በወጣቱ ደብተር አራተኛ ገጽ ላይ፣ ከአንድ ሐኪም እንግዳ የሰማው «ሜምብሬን» የሚለው ቃል በቀይ ተሰምሮበት ነበር። ትርጉሙን «ስስ ሽፋን» ብሎ ጽፎታል። ከጎኑ ብራና ብዬ ጨመርሁበት። ላቲን ወደ እኛ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለምና፣ በማርቆስ ወንጌል በአምስተኛው ምዕራፍ የአጋንንቱ ስም ሆኖ የተነገረው ሌጌዎን የሮማውያን ጭፍራ መጠሪያ ነው፤ ዲናርም የሮማውያኑ ዴናርዮስ፣ ቄሳርም ያው ቄሳር ነው። እንግሊዞች ገና በዱር ሳሉ፣ ብዬ ልጨምር አልሁና ተውሁት፤ ለኩራት ሲባል ታሪክ ማጣመም ደግ አይደለም፤ በዚያ ዘመን አገራቸውም በሮም ግዛት ሥር ነበረች።

የፈረንሳይኛው ነገር ግን ሌላ ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን በሰይፍ በያዘ ጊዜ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ፍርድ ቤቱና የመኳንንቱ ማዕድ ሁሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ፤ ባላገሩ ግን እንደ ጥንቱ በሳክሶን ቋንቋ ማረሱንና ማገዱን ቀጠለ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በጉ በሜዳ ሳለ በባላገሩ ቃል «ሺፕ»፣ ታርዶ በጌታው ገበታ ላይ ሲቀርብ በጌታው ቃል «ማተን» ይባላል፤ በሬውም በቀንበር ሥር «ኦክስ»፣ በሳህን ላይ «ቢፍ» ነው። ይህ ሁኔታ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1362 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ክርክር ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ፤ ሕጉ ራሱ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር።

ወጣቱ በዚህ ሲስቅ፣ እኔ ግን ሐሳቤ ከደባርቅ ወዲያ ማዶ ወደ ጃናሞራ ሄደ። እዚያ፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ከእርሳቸው በፊት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በግእዝ ሲጻፍ ኖሮ፣ የእርሳቸውን ታሪክ ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ጻፉት። እኛም እንግዲህ ሁለት ፎቅ ባለው ቤት ኖረናል። መንገድ አለን፣ ፍኖት አለን፤ አየ እንላለን፣ የታየው ግን ራእይ ይባላል፤ ዋሻና በኣት አንድ ጉድጓድ ሆነው ሳለ እረኛው በዋሻው፣ መናኙ በበኣቱ ያድራል። እንግሊዙም በገዛ ቃሉ «ሲ» ብሎ ያይና ያየውን በላቲን «ቪዥን» ይለዋል፤ አንድ የእንግሊዝ ልጅ የሁለቱን የትርጉም ዝምድና ለማወቅ መምህር እንደሚያሻው፣ የእኛም ልጅ በአየና በራእይ መካከል ያለውን ዝምድና ለማወቅ ግእዝ ማንበብ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ፣ ግእዝ ከላይ ተጭኖን የኖረው በቅዳሴና በመጽሐፍ እንጂ ከባሕር ማዶ በመጣ የጦር ፈረስ አለመሆኑ ነው። ለዚህም ይመስለኛል፣ የግእዝ ቃል ስንጠቀም ከፍ ያልን እንጂ የተሸነፍን የማይመስለን።

ደግሞስ ይህ ወጣት ከአያቶቹ ዘመን ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በግራው ዐምድ የሚጽፈው ፈረንሳይኛ በሆነ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ከውጭ ቋንቋ የበላይነቱን ይዞ የቆየው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ወንበሩን የወሰደው በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከወጣ ወዲህ ነው። ለገሃርና ጋራዥ የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ቢሮ ነው፤ ሥሩ ቡራ የሚባል የላቲን ቃል ሆኖ ሻካራ የበግ ጠጕር ልብስ፣ እንደ እኛ ባና ያለ ማለት ነውና። በመጀመሪያ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚለብሰው ጨርቅ በዚያ ስም ተጠራ፣ ከዚያም ጠረጴዛው፣ ከዚያም ጠረጴዛው ያለበት ክፍል፣ በመጨረሻም በክፍሉ ውስጥ ያለው ሥልጣን። እኔ በአንድ ቢሮ በር ላይ ለአንዲት ማኅተም ሦስት ቀን ሙሉ በቆምሁ ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ፣ ባናው ውስጥ ገብቼ በተኛሁ ነበር።

በማግሥቱ ጥዋት በአንድ አይሱዙ ተሳፍረን ወደ ሊማሊሞ ወረድን። ሊማሊሞን ያላየ ሰው ገደል አየሁ ሊል አይገባውም። ደጋው በድንገት ያልቅና ምድር ከእግር በታች ይጠፋል፤ መንገዱም በገደሉ ደረት ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ በየመታጠፊያው ከብርዱ ወደ ሙቀቱ እያሻገረ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲያልፍ በዚህ ዳገት የወጣው በበቅሎ መንገድ ሲሆን፣ ዛሬ መኪና የሚሄድበትን ጥርጊያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ዓለቱን በድማሚት እየፈለጡ ያወጡት ነው። ሾፌሩ ዐሥራ ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ነበርና፣ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ በሁለተኛ ማርሽ አስሮት፣ ሲብስም እግሩን ፍሬን ላይ ጣል እያደረገ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ይወርዳል። ከታች በኩል ሁለት በቅሎ የሚነዳ ሰው ሲመጣ ዳር ይዞ ቆመ። አንደኛይቱ በቅሎ በመኪናው ድምፅ ደንብራ ስትፈነጥዝ፣ ባለቤቷ ልጓሟን ጨምድዶ ወደ ኋላ ሳባት፤ በዚያው ቅጽበት ሾፌራችንም ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው።

ወጣቱን ጎሸም አደረግሁትና «አየህ፣» አልሁት፣ «ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያደረጉት።» ሮማውያን ፍሬኑም የሚሉት የፈረስና የበቅሎ ልጓም ነው፤ ፈረንሳዮች ፍሬን፣ ጣሊያኖችም ፍሬኖ ብለው ከልጓሙ ወደ መኪናው አዛወሩት፤ እኛም መኪናውን ስንቀበል አብረን ተቀበልነው። እንግሊዝ ለመኪናው ሌላ ስም ቢኖረውም ልጓሙን አልጣለውም፤ በደብተሩ ውስጥ «ሪፍሬን» የሚለው፣ ወጣቱ «መታቀብ» ብሎ የተረጐመው ግስ፣ ራስን በልጓም ወደ ኋላ መያዝ ማለት ነው። አባቶቻችን ለአንደበትህ ልጓም አብጅለት የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። መንገዱን ራሱን «ሩት» ይሉታል፤ ይህም በፈረንሳይኛ በኩል ሩፕታ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሆኖ፣ የተሰበረች፣ ማለትም ደንና ዓለት ተሰብሮ የወጣች መንገድ ማለት ነው። ከመስኮቱ ውጭ፣ የተፈለጠው ዓለት የድማሚቱ ጠባሳ እንዳለበት በክንዴ ልክ ርቀት ያልፍ ነበር። ቃሉን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሰሌዳ በየትኛውም ትምህርት ቤት አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ገባውና ቀኑን ሙሉ አላስቀምጥ አለኝ። ከእርሱ ይልቅ የተደነቅሁት ግን እኔ ነበርሁ፤ እነዚህን ሥርወ ቃላት ከመጽሐፍ ስማራቸው ደረቅ ነበሩና፤ እዚህ ግን፣ በሬና ቀንበር፣ ልጓምና ቆዳ ገና ከሰው እጅ ባልጠፉበት አገር፣ እርጥብ ሆነው አገኘኋቸው። ተራራ ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ቃሉን ይዞታል፤ ነገሩን የያዘው የወገራ ገበሬ ነው።

ይህንም ከሊማሊሞ ተመልሰን ዳባት ስንደርስ አየነው። ዳባት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲመለሱ የምትገኝ የገብስና የስንዴ አገር ናት፤ በዚያን ሰሞን የበልጉ ካፊያ አፈሩን አለስልሶት ስለ ነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥማድ ሁሉ ወጥቷል። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ትልሙን እስከ ማሳው ዳር ይስብና፣ ሞፈሩን ከፍ አድርጎ፣ በሬዎቹን በጅራፍ ድምፅ አዙሮ፣ ካለፈው ትልም ጎን ሌላ ይጀምራል። ያንን መዞር ሮማውያን ቬርሱስ ይሉታል፤ ከዚያም እየዞረ በየመሥመሩ የሚጻፈውን ግጥም በዚሁ ስም ጠሩት፤ እንግሊዞቹም «ቨርስ» ብለው ከፈረንሳዮች ተቀበሉ። ግራው በሬ ወጣት ስለ ነበር ዝንብ ባስቸገረው ቁጥር ከትልሙ ይወጣል፣ ገበሬውም ይቈጣል። ትልም በላቲን ሊራ ነው፤ ከትልሙ መውጣትም ዴሊራሬ። ሐኪሞች በትኩሳት ብዛት የሚቀባዥረውን በሽተኛ «ደሊሪየም» ያዘው የሚሉት ከዚህ ነው፤ ሰውየው ከትልሙ ወጥቷል። የተሸነፈን ጠላት፣ ሮማውያን ከጦር የተሠራ ቀንበር አቁመው በሥሩ ጐንበስ ብሎ እንዲያልፍ ያደርጉት ስለ ነበር፣ አገር ማስገበር በእንግሊዝኛ «ሰብጁጌት»፣ ከቀንበር በታች ማድረግ፣ ይባላል፤ ያው ቀንበር ደግሞ ለባልና ለሚስት ሲሆን «ኮንጁጋል» ይሆናል። እኛስ ተጠማጆች እንል የለም?

ወጣቱ ለአንድ የመስኖ ቦይ ስም ፍለጋ ደብተሩን ሲያገላብጥ «ራይቫል» የሚለውን አገኘ። «ባላንጣ» ብሎ ጽፎታል። ቃሉ ሪቩስ፣ ጅረት፣ ከሚለው የተወለደ ሆኖ ሥር ትርጉሙ ከአንድ ጅረት ውኃ የሚካፈል ጎረቤት ማለት ነው። ይህን ስተረጉምለት፣ በሬውን ለማሳረፍ ቆሞ ያዳምጠን የነበረው ገበሬ ያለማስታወቂያ ገባና፣ «እንግዲያ እርሱስ ባላንጣ ነው!» አለ። በመስኖ አገር ኖሮ፣ የውኃ ተራ ደርሶት፣ በሌሊት ፋኖስ ይዞ ወርዶ ቦዩን ጎረቤቱ ዘግቶት ያገኘ ሰው ሌላ መዝገበ ቃላት አይፈልግም።

ወጣቱ በልጅነቱ ሁለት ዓመት ያህል የቆሎ ተማሪ ሆኖ ቅኔ ሲቀጽል የቆየ መሆኑን የነገረኝ እዚህ ነው። መምህሩ ከዳባት ብዙ በማይርቅ ደብር አሁንም አሉና ልንሳለማቸው ሄድን። በጽድ ጥላ ሥር፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ተቀበሉን፤ ወጣቱ ጉልበታቸውን ስሞ «የኔታ፣ እንደምን ከረሙ» ሲላቸው፣ «ቅኔውን ትተህ ዝንጀሮ ታስጎበኛለህ አሉ» ብለው በፈገግታ ወጉት። እኔም የመጣንበትን ነገር ሳጫውታቸው «ሲንሲየር» ስለሚለው ቃል የሚነገረውን ተረት አነሣሁ። ቅን፣ ግብዝነት የሌለበት ማለት ነው፤ ተረተኞቹ ግን ሲነ ሴራ፣ «ያለ ሰም»፣ ከሚል ላቲን አውጥተው፣ የተሰነጠቀ የእብነ በረድ ሐውልት በሰም እየደፈኑ ከሚሸጡ አታላዮች የሚለይ ሐቀኛ ቀራጭ ያወጣው ቃል ነው ይላሉ።

የኔታ ጭራቸውን አቆሙ። «ያለ ሰምማ፣» አሉ፣ «ወርቁ በምን ቅርጽ ይይዛል? አንጥረኛው ሰሙን ካላስቀደመ ወርቁን የት ያፈሰዋል? በእነርሱ አገር ሰም ሐሰት ሆነ ማለት ነዋ።»

ነገሩ ተረት እንደ ሆነ፣ እውነተኞቹ ሊቃውንት ቃሉን ካልተደባለቀና ንጹሕ ከሆነ ነገር ጋር እንደሚያያይዙት ነገርኋቸው። ሰም የሌለበት አገር ሰው እንዲህ ያለ ተረት ቢፈጥር አይፈረድበትም ብለው አለፉት። ከዚያ ግን ሌላው ቃል ይበልጥ አሳቃቸው። ግእዝ ሰዋስው የሚለው መሰላልን ነው፣ ቋንቋ የሚወጣበት መሰላል፤ እንግሊዞቹ ግን «ግራማር» የሚለውን በፈረንሳይኛ በኩል ከግሪኩ «ፊደል» አምጥተው፣ ስኮትላንዶች አፋቸውን ሲያዞሩት «ግላመር» አደረጉት፤ ትርጉሙም አስማት፣ ዓይን ማፍዘዝ ሆነ። መሃይሙ ሕዝብ ላቲን የሚያነብ ሰው ሁሉ ጋኔን ይስባል ብሎ ያምን ነበርና። ዛሬ ያው ቃል የፊልም ተዋናዮች ውበት መጠሪያ ነው። ደብተራ ሁሉ አስማተኛ ነው እየተባለ በሚታደግበት አገር ይህን ማስረዳት ቀላል ነበር፤ የኔታም «ያው ነው፣ ያው ነው» እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በመመለሻችን ለወጣቱ የነገርሁት አንድ ነገር አለ፤ ከሥርወ ቃሉ ይልቅ ያጽናናው እርሱ ይመስለኛል። እንግሊዝኛን ቃል በቃል የመዘነው ታላቁ ሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን በ1755 እ.ኤ.አ. ከማሳተሙ ሃያ ዓመት አስቀድሞ ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ከፈረንሳይኛ የተመለሰ የኢትዮጵያ ጕዞ ነው፤ ባለ ታሪኩም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ነበር። በ1759 የጻፈውም ልብ ወለድ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ሆኖ ራስሴላስ ይባላል፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ከዚያም በፊት፣ ከአማራው ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1698 በፍራንክፈርት ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነበር። ላቲንና አማርኛ በአንድ ገጽ ላይ፣ ልክ እንደዚህ ልጅ ደብተር በሁለት ዐምድ ተሰልፈው የቆሙት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራው ወጣን። በሳንቃ በር በኩል አድርገን ጨነቅ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ጅብራውን አንድ በአንድ ይውጠው ነበር። «ፓርክ» የሚለው ቃል በድሮ ፈረንሳይኛ አውሬ የሚጠበቅበት የታጠረ መሬት ማለት ነው። ቃሉ እውነቱን ይናገራል፤ ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ቢሆንም፣ አጥር ከሆነ ደግሞ ውስጥና ውጭ አለውና፣ ከ400 የሚበልጡ የግጭ መንደር አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እንግዶች የሚያድሩበት «ሎጅ»ም ከፈረንሳዮቹ ሎዥ፣ እነርሱም ከጀርመናውያን የወሰዱት ሲሆን፣ መነሻው በቅጠል የተሠራ መጠለያ፣ እኛ ዳስ የምንለው ነው። ወጣቱ የአንድ ሌሊት ዋጋውን በዶላር ነገረኝና «ለዳስ!» አለ።

ፍራንክፈርት እዚህም ተከተለችን። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ስሜን የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል የዚያች ከተማ ሰው ነው። ዋልያን በላቲን ሲሰይም ካፕራ፣ ፍየል፣ ብሎ ከጀመረ በኋላ የአገሬውን ስም ሳይነካ አተመው፤ ቀይ ቀበሮንም ካኒስ ሲሜንሲስ፣ የስሜን ውሻ፣ አለው። ስለዚህ በባሌም ያለው ቀበሮ፣ ከዓለም ሁሉ የቀረው 500 ያህሉ፣ በሊቃውንት መዝገብ የስሜን ሰው ነው።

ከእኛ ጋር የወጣው ስካውት ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ፣ ክላሹን እንደ ብትር ትከሻው ላይ ያጋደመ፣ እንግሊዝኛ አንድ ቃል የማያውቅ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር፤ ወጣቱም «አያ» እያለ ነው የሚጠራው። ከገደሉ ራቅ ብለን ተቀመጥንና ወጣቱ ከቦርሳው ድፎ ዳቦ አወጣ፤ ቦርሳም ከጣሊያን ቦርሳ፣ ከላቲኑ ቡርሳ፣ ከግሪኩም «የተገፈፈ ቆዳ» የመጣ መሆኑን፣ የእንግሊዙ «ፐርስ»ም ወንድሙ መሆኑን ስነግረው ሳቀና ዳቦውን በሦስት ቈረሰው። ትልቁን ለአያ፣ በሁለት እጁ ሰጠ። ደብተሩ መሬት ላይ ተገልጦ ነበርና ዓይኔ «ኮምፓንየን» ላይ ዐረፈ፤ በቀኙ ዐምድ «ጓደኛ» ይላል።

«ይህ ጎደለብህ» አልሁት። ኩም በላቲን አብሮ፣ ፓኒስ እንጀራ ነው፤ እንጀራ የሚካፈል ማለት ነው፤ ፈረንሳዮችም ኮፓን የሚሉት ያው ነው። ወጣቱ አፉ እንደ ሞላ ቆየና ቀስ ብሎ፣ «ባለ… እንጀራ» አለ። «ባልንጀራ!» እስክሪብቶውን ፈልጎ፣ ጓደኛ የሚለውን ሳይሰርዝ ከጎኑ ጻፈው። ቀይ መሥመሩን ግን በዚህ በኩልም ልሳብ ወይስ ልተው ብሎ እጁ አየር ላይ ቀረ።

አያ በድንገት መዳፉን አነሣ። ማኘካችንን አቆምን። ከጉሙ ውስጥ፣ ከገደሉ በኩል፣ ሣር ሲነጭ የቆየ የጭላዳ መንጋ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ስካውት የሚለውም በድሮ ፈረንሳይኛ «ማዳመጥ» ከሚለው ግስ የወጣ ነበር፤ ለመናገር ግን ሰዓቱ አልነበረም። ሽማግሌው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የዳቦውን ቁራሽ በግራ እጁ እንደ ያዘ፣ እኛ ያልሰማነውን እያዳመጠ ብዙ ቆየ።

«ነብር ነው» አለ በመጨረሻ፣ «ግን አልፏል»፤ ዳቦውንም ቈረሰ።